ዓሣ የምትሸጠው ልጅ ሥራ የላትምን?

አንዲት ልጅ ትምህርቷን ጨርሳ በተመለሰች ማግሥት በየጎረቤቱ ቡና ላይ የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ "ልጅሽ ሥራ ያዘች ወይ?" የሚል ነው። ጥያቄው በቀና ልብ የሚቀርብ ቢሆንም ፍርድ ያዘለ ነው። ሥራ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ጠረጴዛና ወንበር፣ ማኅተምና የወር ደመወዝ ያለበት ቢሮ ስለሆነ፣ ከዚህ ውጭ የሚገኘው መተዳደሪያ ሁሉ "እስኪገኝ ድረስ" የሚባል ጊዜ መግፊያ ተደርጎ ይቆጠራል። ከዚህም የተነሣ ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ የምትሠራ፣ የራሷንም የቤተሰቧንም ወጪ የምትደግፍ ወጣት በገዛ እናቷ አንደበት "ሥራ አላገኘችም" ትባላለች። ይህ አነጋገር ቃል ብቻ ሆኖ አይቀርም። በአንድ ቤት ውስጥ ምን ሊያስከትል እንደሚችል በወሎ ምድር፣ በአርዲቦ ሐይቅ ዳር ካየነውና ከሰማነው በመነሣት በዛሬው አምዳችን እንወያያለን።

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዙ የሐይቅ ከተማ ትገኛለች። በአጠገቧ ያለው ታላቅ ሐይቅ በእስጢፋኖስ ገዳም ምክንያት በታሪክ የታወቀ ነው። ታናሽ እኅቱን አርዲቦን ግን ከአካባቢው ሰው በስተቀር የሚያውቃት ብዙ አይደለም። አርዲቦ ከሐይቅ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከፍ ባለ ቦታ፣ በኮረብቶች መካከል ተኝታለች፤ በሞላች ጊዜም ትርፍ ውሃዋ ወደ ታላቁ ሐይቅ ይወርዳል። በዳርቻዋ ገበሬው ያርሳል፣ ከብቱ ይጠጣል፣ ወጣቶች በታንኳ ወጥተው መረብ ይጥላሉ። መረቡ የወንዶች ነው። ዓሣው ዳር ከደረሰ በኋላ ባለው ሥራ፣ በማጽዳቱ፣ በመጥበሱና በመሸጡ ግን ሴቶችም አሉበት።

በዚህ ሥራ ላይ ካነጋገርናቸው አንዲቷ የ25 ዓመት ወጣት ናት። ስሟ እንዲጠቀስ ስላልፈለገች ፈቃዷን እናከብራለን። በአካውንቲንግ ትምህርት በዲግሪ ከተመረቀች በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ወደ ደሴ እየተመላለሰች የማስታወቂያ ሰሌዳ ስታነብ ኖራለች። ማስታወቂያው የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ የሚጠይቅ ሲሆን ወደ ቤቷ ትመለሳለች። "0 ዓመት" የሚል ስታገኝ ደግሞ ለአንድ ቦታ ከተመዘገቡ እጅግ ብዙ ተወዳዳሪዎች ጋር ፈተና ትቀመጣለች። የመመላለሻውን ገንዘብ የሚሰጧት እናቷ ናቸው። በመጨረሻ ያስመረራት የሥራው መታጣት ሳይሆን የመሳፈሪያ ገንዘብ ለመጠየቅ በየጊዜው እጇን መዘርጋቷ እንደ ነበር ነግራናለች።

ከአክስቷ በተበደረችው አነስተኛ ገንዘብ ከታንኳዎቹ ዓሣ እየገዛች ማጽዳትና በሐይቅ ከተማ ለሚገኙ ምግብ ቤቶች ማቅረብ ጀመረች። የመጀመሪያው ወር ኪሳራ ነበር። ምክንያቱን ያገኘችው ከራሷ ደብተር ነው። የቆሮሶው ራስ፣ አጥንትና ሆድ ዕቃ ሲወጣ ከሦስት ኪሎ የሚቀረው ንጹሕ ሥጋ አንድ ኪሎ ያህል ብቻ ነው፤ እርሷ ግን ዋጋ ስታወጣ የቆየችው ይህን ሳታሰላ ነበር። "ትምህርት ቤት ሳለሁ ብክነት የሚለውን ነገር ለፈተና ነበር የማጠናው፤ እዚህ ግን በሚዛን አየሁት" አለችን። አሁን የገዛችውን፣ የሸጠችውን፣ የተበላሸባትንና በዱቤ የሰጠችውን ለየብቻ ትጽፋለች። በጾም ወራት ፈላጊው ሲበዛ ዋጋው እንደሚወጣ፣ ጾም ሲፈታ እንደሚወርድ አስቀድማ ታውቃለች። በረዶ በሌለበት ቦታ ዓሣ ውሎ አያድርምና በሰዓቱ ያልደረሰ ዕቃ እንደሚመለስባት ተምራለች። የአክስቷንም ብድር ከፍላለች።

ነገሩን አሳምረን ብቻ ብናቀርበው ለአንባቢዎቻችን እውነቱን አልነገርንም። ሥራው ከባድ ነው። ማለዳው ይበርዳል፤ በዝናብ ጊዜ መንገዱ ይጨቀያል፤ የመኪና ረዳቶች ሽታውን እየጠሉ "አንጭንም" ይላሉ። መረቡ ባዶውን የሚወጣበት ቀን አለ። ወጣቷም ብትሆን ዕድሜዋን በዚሁ ለመጨረስ አላሰበችም። "ነገ በተማርኩበት ሙያ ቦታ ቢወጣ እወዳደራለሁ። ግን ቁጭ ብዬ አልጠብቅም" ነው ያለችን።

እናቷን በቤታቸው አግኝተናቸዋል። ቡና አፍልተው፣ ቆሎ አቅርበው በደግነት ተቀበሉን። "እማማ፣ ልጅዎ እኮ ጎበዝ ሠራተኛ ናት" ብንላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ምን ሥራ አላት ልጄ! እህሉን ሸጬ፣ ከአፌ ነጥቄ አስተማርኳት፤ ዓሣ ሻጭ ሆና ቀረችብኝ እንጂ። ሰው ሲጠይቀኝ ገና እየፈለገች ነው እላለሁ" አሉን። እኒህ እናት ልጃቸውን የሚጠሉ አይደሉም። የለፉበትን ያህል አላየሁም ብለው የሚያዝኑ እናት ናቸው። በዚያው ቀን ለቤቱ ዘይትና ስኳር የተገዛው ግን ልጅቷ ከዓሣው ባገኘችው ገንዘብ ነበር።

ጉዳቱ የታየው በታናሽ እኅቷ ላይ ነው። ታናሽዋ 19 ዓመቷ ነው። ትምህርቷን አቋርጣ፣ ፓስፖርት አውጥታ፣ ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ ትጠባበቃለች። አንድ ደላላ ከቤተሰቡ ጋር ተነጋግሯል፤ አባትየውም አንድ በሬ ለመሸጥ እያሰቡ ነው። ታላቅየዋ ቢያንስ ለሦስት ወር አብራት እንድትሠራና የራሷን ገንዘብ እንድታጠራቅም ለምናት ነበር። የታናሽዋ መልስ አጭር ነው፤ "አንቺንስ ሥራ የላትም ይሉሽ የለም ወይ?" አለቻት። ታላቅየዋ ለዚህ መልስ እንዳላገኘች ስትነግረን ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ቤቱ የታላቂቱን ድካም ሥራ ብሎ ባለመጥራቱ፣ ታናሺቱ በአገር ውስጥ ሥራ የለም፣ መማርም ከንቱ ነው የሚል ትምህርት ወሰደች። እኛ ከዚያ እስከተመለስንበት ቀን ድረስ በሬው አልተሸጠም፤ ነገሩም አልተቆረጠም ነበር።

ይህ አመለካከት ከየት መጣ? አንደኛው ሥሩ ጥንታዊ ነው። በአገራችን ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ቆዳ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ በሠሩት መጠን ሲከበሩ አልኖሩም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሙያተኛን በሥራው ምክንያት መሳደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከማውጣት የደረሱት ነገሩ የከፋ ስለነበር ነው። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም ንቀቱ መልኩን ለውጦ ዛሬም አለ። ያን ጊዜ ሸማኔውን የናቀ ዓይን ዛሬ ዓሣ የምታጸዳውን ተመራቂ በዚያው ይመለከታታል።

ሁለተኛው ሥር ግን የቅርብ ጊዜ ነው፤ ወላጆችንም ያለ አግባብ እንዳንወቅስ የሚያደርገን እርሱ ነው። በደርግ ዘመን ከከፍተኛ ትምህርት ተቋም የወጣ ወጣት በመንግሥት ምደባ ሥራ ይይዝ ነበር። ተመራቂው የሚጨነቀው "ሥራ አገኝ ይሆን?" ብሎ ሳይሆን "የት እመደብ ይሆን?" ብሎ ነበር። ተማሪው ጥቂት፣ መሥሪያ ቤቱም ሠራተኛ ፈላጊ ነበረና ዲፕሎማና ደመወዝ አንድ ነገር ይመስሉ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ምደባው ቀረ። በአንጻሩ የተመራቂው ቁጥር እጅግ አደገ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። በ2000 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው ወሎ ዩኒቨርሲቲም በደሴና በኮምቦልቻ ባሉት ግቢዎቹ ብዙ ወጣቶችን አስመርቋል። ምደባው ከቀረ አንድ ትውልድ ቢያልፍም የምደባው ተስፋ ግን ከየቤቱ አልወጣም። የአርዲቦዋ ወጣት እናት የሚጠብቁት ደብዳቤ በእርሳቸው የወጣትነት ዘመን በእርግጥ ይመጣ የነበረ ደብዳቤ ነው።

ከዚያ ዘመን በፊት ሌላም ልማድ ነበር። በ1950ዎቹ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲሠሩ ያዝዝ ነበር፤ ብዙዎቹም ያገለገሉት በመምህርነት ነው። እነዚያ ወጣቶች የመጀመሪያ ሥራቸውን የያዙት መርጠውት ወይም ለዕድሜ ልካቸው አስበውት አልነበረም። ነገር ግን ተመራቂው ወደ ቋሚ ሥራው ሲገባ ማለዳ መነሣትን፣ ከማያውቀው ሕዝብ ጋር መኖርንና ኃላፊነት መሸከምን ለምዶ ይገባ ነበር። የመጀመሪያ ሥራ ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው። ዛሬ ይህን የሚያዝ ደንብ ስለሌለ፣ ያንን የልምምድ ዓመት መፍቀድና ማክበር የቤተሰብ ፋንታ ሆኗል።

ወጣቶችም ከወቀሳ ነጻ አይደሉም። የመጀመሪያውን ሥራ ገና ሳይለማመዱት ጥለው የሚሄዱ ብዙ ናቸው። አሠሪዎች ስለ ማርፈድ፣ ያለ ፈቃድ ስለ መቅረትና ሳይናገሩ ስለ መጥፋት ያማርራሉ። ይሁን እንጂ ነገሩን በስንፍና ብቻ መተርጎም ስሕተት ነው። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርከን የተባሉ ተመራማሪዎች በአገራችን በአምስት ድርጅቶች ለመቀጠር ያመለከቱ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ተከታትለው ነበር፤ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት እንደታየው ከተቀጠሩት የሚበዙት ዓመት ሳይሞላቸው ለቀዋል፤ ሥራው ደስ የማይልና ለጤና የሚያሰጋ ሆኖ አግኝተውት ነበርና። የራሳቸውን ሥራ እንዲጀምሩ 300 ዶላር ያህል ገንዘብና የንግድ ሥልጠና የተሰጣቸው ደግሞ ከአንድ ዓመት በኋላ ገቢያቸው በአንድ ሦስተኛ ገደማ ከፍ ብሏል። ተመራማሪዎቹ ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲጠይቁ ግን ልዩነቱ ጠፍቶ አገኙት። ከዚህ የምንማረው የፋብሪካ ሥራ ክፉ፣ የግል ሥራ ደግ ነው ማለትን አይደለም። የመጀመሪያው ሥራ የሰውን ዕድል ለዘለዓለም እንደማይወስን፣ የመነሻ ገንዘብም ብቻውን ሩቅ እንደማያደርስ ነው። ቁም ነገሩ ልጅቷ ከዚያ ሥራ ምን ይዛ እንደወጣች ነው።

በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ በአካባቢው ትልቅ ተስፋ ነበር። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ግን ፋብሪካዎች ተዘረፉ፣ ተጎዱ። አንድ ቀን ከፋብሪካ፣ ሌላ ቀን ከገበያ መሥራት የቻለች ልጅ እንዲህ ያለ ክፉ ቀን ሲመጣ የምትይዘው አታጣም። አንድ ወንበር ብቻ ስትጠብቅ የኖረች ግን ወንበሩ ሲሰበር አብራ ትወድቃለች።

ወደ ዓረብ አገር ጉዞው ስንመለስ፣ ደቡብ ወሎ ልጆቿን በብዛት ከሚሸኙት አካባቢዎች አንዷ ናት። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ሕጋዊ ፈቃድ የሌላቸውን ስታስወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። ከእነርሱ ብዙዎቹ በብድርና በከብት ሽያጭ ሄደው ባዶ እጃቸውን የመጡ ነበሩ። መሄድን ፈጽሞ እናውግዝ አንልም፤ ሠርተው ቤት የሠሩ፣ ወንድሞቻቸውን ያስተማሩ እኅቶችም አሉን። ነገር ግን ቤተሰብ በሬውን ከመሸጡ በፊት ሕጉን ይወቅ። ስለ ውጭ አገር ሥራ ስምሪት በ2008 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 923 የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ መጓጓዣ፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የኢንሹራንስ ወጪ በአሠሪው እንዲሸፈን ደንግጓል። የሠራተኛዋ ድርሻ እንደ ፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራና ክትባት ያሉት ናቸው። ስለዚህ "ለትኬትና ለቪዛ ይህን ያህል አምጡ" የሚል ደላላ ወደ ቤት ሲመጣ፣ በሬው የሚሸጠው ልጅቷ ልትከፍለው ለማይገባት ወጪ መሆኑን አባት ይወቅ።

በአገር ውስጥ ተቀጥራ ለምትጀምር ልጅም ሕግ አለ። በ2011 ዓ.ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በሙከራ ላይ ያለች ሠራተኛም መብት የሌላት አይደለችም። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ይዘት በጽሑፍ አድርጎ ሊሰጣት ይገባል። ለመጀመሪያ ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አላት። ነፍሰ ጡር ብትሆን ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ከደመወዝ ጋር ታርፋለች። ስትለቅም ምን ሥራ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ በምን ያህል ደመወዝ እንደሠራች የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ የማግኘት መብት አላት። ይህች ወረቀት ቀላል አይደለችም። በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ "የሥራ ልምድ" የሚለው በር የሚከፈተው በእርሷ ነው። ተጣልቶ፣ በር ደብድቦ መውጣት ይህችን ወረቀት ያሳጣል፤ በደንብ ተሰናብቶ መውጣት ግን ያስገኛታል።

በቤት ውስጥ የሚቀር ሌላ ጉዳይ አለ። የአርዲቦዋ ወጣት ከገበያ ስትመለስ እንጀራ ትጋግራለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ ልብስ ታጥባለች። በዕድሜ የሚቀራረባት ወንድሟ ግን ከሥራ ሲመለስ "ደክሞታል" ተብሎ እግሩን ይታጠባል። የእርሱ ድካም ድካም ተብሎ የእርሷ የማይቆጠረው፣ የእርሱ ሥራ ሥራ ተብሎ የእርሷ ስለማይባል ነው። ወላጆች ለሴት ልጃቸው ሥራ ተገቢውን ስም ቢሰጡት የቤቱም ሸክም አብሮ ይከፋፈላል። እንደዚሁም ልጅቷ ካገኘችው ላይ ለቤት ማካፈሏ መልካም ባህል ቢሆንም፣ የተወሰነውን በስሟ በቁጠባ እንድታኖር መተው ያስፈልጋል። ያገኘችውን ሁሉ በየቀኑ የምታስረክብ ልጅ ሥራዋን ማሳደግ አትችልም።

እንግዲህ እናቶችና አባቶች ሆይ፣ ልጃችሁ የመጀመሪያ ሥራዋን ስትጀምር የሥራውን ስም ከመመዘናችሁ በፊት ጥቂት ነገር ጠይቋት። ከዚህ ሥራ ምን እየተማርሽ ነው? ገንዘቡ በእጅሽ ይገባል? ደኅንነትሽና ክብርሽ ይጠበቃል? ከዓመት በኋላስ ወዴት ልትሄጂ አስበሻል? መልሱ መልካም ከሆነ ሥራው መልካም ነው፤ ቢሮ ባይኖረውም ሥራ ነው። መልሱ መጥፎ ከሆነ ግን ቢሮ ቢኖረውም ምከሯት።

እናንተ ወጣቶችም በተማራችሁበት ሙያ መወዳደርን አትተዉ። የምትጠብቁበትን ጊዜ ግን ባዶ አታድርጉት። በምትሠሩበት ሁሉ ደብተር ያዙ፤ ሰዓት አክብሩ፤ ያበላሻችሁትን ቀን ምክንያቱን ጻፉ። "ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው" እንደሚባለው ሥራውን የሚያውቀው የሠራው ነው፤ ቆሞ ያየው ግን ስሙን ብቻ ያውቃል።

በአርዲቦ ዳር ላለው ቤት የምንመኘው አንድ ነገር ነው። ጎረቤት ስለ ታላቂቱ ሲጠይቃቸው እናትየው ታናሺቱ እየሰማች፣ "አዎን፣ ሥራ ይዛለች፤ ዓሣ ትነግዳለች" ብለው እንዲመልሱ ነው። ታናሺቱ ከዚያ በኋላ ለመሄድም ሆነ ለመቅረት ብትወስን በአገሯ ሥራ የለም ብላ ሳይሆን አመዛዝና ትወስናለች። ስለ መጀመሪያ ሥራችሁና ቤተሰባችሁ ስለ ሰጠው ስም የምትነግሩን ካላችሁ ጻፉልን፤ በዚሁ አምድ እናወጣዋለን።